ግራዋ ውልውል፣ ቀኟ ቅብ፦ ብራይትሳይድ ቀለም በአሮጌ ጀልባ ላይ

ጀልባዬን በግራ በኩል ያየ ሰው «የስንት ዓመት ናት?» ብሎ ይጠይቀኛል። በቀኝ በኩል ያየ ደግሞ «ስንት ገዛሃት?» ይለኛል። ጀልባዋ አንድ ናት። ግራ ጎኗን በብርጭቆ ወረቀትና በፖሊሽ ወልውዬ መለስኩት፤ ቀኙን ብራይትሳይድ በሚባለው፣ ኢንተርሉክስ የተባለው የጀልባ ቀለም አምራች በሚሠራው ቀለም ቀባሁት። ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2023፣ ሜይና ጁን ላይ ነው። አሁን ሦስተኛ ወቅቷን ጨርሳ ሸራ ለብሳ ግቢዬ ተቀምጣለች፤ ስለ ሁለቱም ጎኖች የምናገረው አላጣም።

ማወዳደሩ ታስቦበት የተደረገ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያደረገኝ ጀልባዋ ራሷ ናት።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጀልባዋ በ1987 የተሠራች 17 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት፤ ከነተጎታችዋ በ2,600 ዶላር ገዛኋት። የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ግቢው ውስጥ አቁሟት ኖሯል። ቀኝ ጎኗ የደቡብ ፀሐይ ሲጠበስ፣ ግራው በቤቱ በኩል ጥላ ውስጥ ከርሟል። ይህን የተረዳሁት ግን ከገዛሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ሁለቱም ጎን እኩል አመድ ለብሰው ነበር፤ እጄን ሳስኬድባቸው መዳፌ የአስተማሪ መዳፍ ይመስል ጠመኔ ሆነ።

አናፖሊስ አካባቢ ወዳለ አንድ የጀልባ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ሰውየው ከቢሮው በር ሆኖ አየት አደረጋትና «ይቺ መቀባት አለባት» አለኝ። ለአንድ ጫማ 180 ዶላር። በ17 ስታባዙት 3,060 ዶላር፣ ማለትም ቀለሟ ከራሷ ይወደዳል። ዋጋውን አልነቅፍም፤ ባለሁለት ክፍል ቀለም፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለውን፣ በመርጫ መርጨት ሥራው ብዙ ነው፣ አደጋም አለው። የከፋኝ ጨርቅ ሳያስነካት፣ ጠብታ ውኃ ሳይረጭባት መፍረዱ ነው። እጁን አስነክቷት ቢሆን ኖሮ ግማሿ ጀልባ ቀለም እንደማያስፈልጋት ያውቅ ነበር።

ጄልኮትን ብዙ ሰው ቀለም ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ጀልባ ሲሠራ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ መጀመሪያ የሚረጨው እሱ ነው፤ ቀለም የተቀላቀለበት ፖሊስተር ሬዚን። ፋይበርግላሱ በላዩ ይደረባል፣ ሁለቱ ተያይዘው ይጠነክራሉ፣ ጀልባዋ ከቅርጹ ስትወጣ መጀመሪያ የተረጨው ውጪኛው ፊት ይሆናል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል እንጂ ከአንድ ዙር ቀለም ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ለዚህም ነው ፊቱ ሲሞት ገፈን፣ ከሥሩ ያለውን ያልሞተውን ማውጣት የምንችለው። ቀለም ላይ እንዲህ ያለ ተቀማጭ የለም።

ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያወጣል፣ ዱቄት ይሆናል። እናቴ አዲስ ምጣድ ስትገዛ በጎመን ዘር ታሟሸው ነበር። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ ያረጀ ጄልኮትም የቅጠል እድፍ፣ የዝገት ውኃ፣ የወፍ ኩስ ሁሉ ይይዛል። በየዓመቱ የምንቀባው ሰም የጎመን ዘሩ ነው። ምጣዱ ከተሰነጠቀ ግን ምንም ያህል ጎመን ዘር ብትፈጩ አይረዳም።

የኔ ምጣድ የትኛው እንደሆነ የነገረኝ የአትክልት ውኃ ቱቦ ነው። ጎኖቹን በሳሙና አጥቤ አደረቅኩና ውኃ ረጨሁባቸው። ግራው ውኃው ላዩ ላይ እስካለ ድረስ አዲስ ጀልባ መሰለ፤ ሲደርቅ ወደ አመዱ ተመለሰ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ውኃው ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ለአፍታ ያደረገውን፣ ፖሊሽና ሰም ለወራት ያደርጉታል። ቀኙ ከፊት በኩል አበራ፤ ከመሃል ወደ ሞተሩ ስሄድ ግን ሦስት ቦታ ላይ ረጥቦም ቡናማ ጥላ ነበረው። ጠጋ ብዬ ሳየው የፋይበሩ ሽመና እንደ ጋቢ ክር ይታያል። ከኔ በፊት የያዟት ሰዎች ያንን ጎን በማሽን ሲወለውሉ ኖረው ጨርሰውታል። የሌለ ጄልኮት አይወለወልም።

ጣና ዳር ነው ያደግኩት። አባቴን በስልክ ይህን ሁሉ ሳጫውታቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ለምን አዲስ አትሠሩም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ወራት አገልግሎ ሲበሰብስ ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል። ታንኳ ቀለም ይቀባ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም። ፋይበርግላስ ክፋቱ አለመሞቱ ነው፤ ፊቱ እየተላጠ ሆዱ ሠላሳ ምናምን ዓመት ይኖራል።

በግራው ጀመርኩ። የዝገት እድፉን ኦክሳሊክ አሲድ ባለበት ማጽጃ አለቀቅኩት። ከዚያ ጎኑን በሙሉ በእርሳስ ጫር ጫር አደረግኩና በ800 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ በውኃ እያራስኩ ፈተግኩ። እርሳሱ የጠፋበት ተፈትጓል፣ የቀረበት አልተፈተገም፤ ይህችን ዘዴ ማወቅ ብቻ ግማሽ ቀን አትርፎልኛል። በየመካከሉ እያጠብኩ ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 1500 ወጣሁ። ቀጥሎ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ከፖሊሽ ሻከር ያለ መፈተጊያ ቅባት፣ በማሽን፣ ከዚያ ፖሊሽ፣ መጨረሻ ላይ ሰም። ሁለት ቅዳሜና 95 ዶላር ፈጀብኝ፤ ማሽኑ የትውስት ነው። ጠርዝ ላይ ማሽኑን እንዳታቆሙ፤ ጄልኮቱ እዚያ ስስ ስለሆነ ዓይናችሁ እያየ ይበላዋል። እኔ አንድ ቦታ በላሁት፤ በአውራ ጣቴ እሸፍነዋለሁ።

ያ ጎን ሲያልቅ ባለቤቴ ወጥታ አየችና «ለሌላውም እንዲሁ አድርግለት» አለች። ቢሆንማ ኖሮ።

ቀኙን በተመለከተ አንድ የማከብራቸው ሰው ዘንድ ሄድኩ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ተምረው፣ አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በዚያው ሙያ የሚሠሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ በመኪና ቀለም ይርጩልኝ» አልኳቸው።

«የት ሆኜ?»

«እኔ ግቢ።»

«አንተ ልጅ፣ የዚህ ቀለም ማጠንከሪያ አይሶሳይኔት አለበት። እኔ ስረጭ ንጹሕ አየር በቱቦ ነው የምስበው። በሰው መስኮት ሥር ረጭቼ የሕፃናት ሳንባ አላቃጥልም። በእጅህ የምትቀባውን ግዛ።»

በእጅ የሚቀባውም ሁለት ዓይነት ነው። ባለሁለት ክፍሉ፣ ለምሳሌ የኢንተርሉክሱ ፐርፌክሽን፣ ቀለሙና ማጠንከሪያው ተለይተው ይመጣሉ። በሮለርና በብሩሽ ይቀባል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ብዙ ዓመትም ይቆያል። ግን ልኩን ጠብቆ መቀላቀል አለበት፤ ከተቀላቀለ በኋላ የተረፈው ያንኑ ቀን ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ስትሳሳቱም ማረሙ አድካሚ ነው። ባለአንድ ክፍሉ፣ ብራይትሳይድ ከዚህ ወገን ነው፣ ቆርቆሮውን ከፍቶ መቀባት፣ ክዳኑን ገጥሞ ማስቀመጥ ነው። ከባለሁለት ክፍሉ ይለሰልሳል፤ ይህን ደግሞ ማንም አይደብቅም። ከዚህ በፊት ከግድግዳ በቀር ምንም ቀብቼ ስለማላውቅ ስሕተት ይቅር የሚለውን መረጥኩ።

ሥራው ዘጠኝ እጁ ከቀለሙ በፊት ነው። መጀመሪያ ሰሙን ማስለቀቅ። ያለፉት ዓመታት ሰምና ሲሊኮን ጎኑ ውስጥ ሰርጎ ተቀምጧል፤ በዚያ ላይ በቀጥታ ብርጭቆ ወረቀት ብታነሱ ሰሙን ወደ ጭረቶቹ ታሰርጉታላችሁ፣ ቀለሙም «ዓሣ ዓይን» የሚባሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች እየሠራ ይሸሻል። ስለዚህ 202 የሚባለውን የኢንተርሉክስ ማጠቢያ በአንድ ጨርቅ መቀባት፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማንሳት፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መቀየር። አንድ ከረጢት ሙሉ አሮጌ ቲሸርት ጨረስኩ። ከዚያ 220 ብርጭቆ ወረቀት፣ አፍንጫ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ። የፋይበርግላስ አቧራ አንገቴ ላይ አርፎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ አደረ፤ በሁለተኛው ቀን ሻርፕ ጠመጠምኩ።

ሽመናው የታየባቸውን ቦታዎች በኤፖክሲ ስቱኮ ሞልቼ አስተካከልኩ። ከፊት፣ ገመድ ማሰሪያው ብረት ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰሉ ስንጥቆች ነበሩ። እነዚህን ቀለም አይደፍናቸውም። ብረቱ ሲጎተት ከሥሩ ያለው ይተጣጠፋል፣ ጄልኮቱ ደረቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙም አብሮ ይሰነጠቃል። ትልልቆቹን ቦርቡሬ በስቱኮ ሞላሁ። ትንንሾቹን ታክቶኝ ተውኳቸው።

ሁለት ዙር ፕሪ-ኮት፣ ማለትም የራሱ ፕራይመር፣ ከዚያ 320 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ሦስት ዙር ቀለም። ለማቅጠኛ 333 የሚባል የራሱ ፈሳሽ አለው። ዋጋውን ሳይ ለጋሼ ደውዬ «አኳራጅ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስልኩን ዘጉብኝ።

አቀባቡ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በቀጭኑ የስፖንጅ ሮለር አንድ ክንድ ያህል ስፋት ይቀባል፤ ሌላው ወዲያው ተከትሎ በጥሩ ብሩሽ ጫፍ፣ ምንም ሳይጫን፣ ሮለሩ የተወውን አረፋ ይዳብሳል። ሮለሩ እኔ ነበርኩ፣ ብሩሿ ባለቤቴ። እጇ ከኔ ይቀላል፤ ኩል ተኳኩላ ያደገች እጅ ናት። ከዳበሱ በኋላ ወደኋላ ተመልሶ መንካት የለም። እዚህ ላይ ነው ብራይትሳይድ ያሸነፈኝ። የብሩሹ መሥመር እዚያው እያየነው ቀስ ብሎ ይተኛል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፊታችንን አየንበት። ባለቤቴ «ይኼ በብሩሽ ነው ቢባል ማን ያምናል?» አለች። ለእንዲህ ያለ ጀማሪ እንዲህ ያለ ፊት የሚሰጥ ቀለም ሌላ አላጋጠመኝም።

ሁለቱ ዙሮች ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ በዛፉ ጥላ ሥር የተቀቡ ናቸው። ሦስተኛውን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ አሥር ሰዓት ላይ ጀመርን። በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሜሪላንድን በጁን የሚያውቅ ሰው የሆነውን ይገምታል፤ ሲመሽ አየሩ ረጥቦ ቀለሙ ሳይደርቅ ጤዛ ወረደበት። ሲነጋ የኋላው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብርሃኑ ጠፍቶ የወተት ቆዳ መስሏል። ሁለት ትንኞችም በስተመጨረሻ ተጣብቀው ሞተዋል። ጥፋቱ የኔና የቡናው ነው። አራት ቀን ጠብቄ በ400 አለሰለስኩና ያንን ክፍል ደግሜ ቀባሁ። ባለሁለት ክፍል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል በቀላሉ አልወጣም ነበር።

ጠቅላላ ወጪ ለቀኝ ጎን ብቻ 240 ዶላር፣ ጊዜው በሦስት ሳምንት የተበተነ ስድስት ቀን።

ከዚያ ነጮቹ አልገጠሙም። ነጭ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነጭ ገዛሁ። የድሮው ጄልኮት ነጭነት ቅቤ የነካው ነው፤ የአዲሱ ቀለም ነጭነት የጥርስ ሐኪም ቤት ግድግዳ ነው። ከፊት ለፊት፣ ሁለቱ ጎኖች አፍንጫዋ ላይ በሚገናኙበት ቦታ ቆመው ሲያዩዋት ሁለት ጀልባ የተሰፋች ትመስላለች። ባለቤቴ ትንሽ አየቻትና «ግራው አረጀ፣ ቀኙ ዋሸ» አለች። የቀለም ናሙና ካርድ አምጥቼ ከተወለወለው ጎን ጋር አስተያይቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ውሸቱ ይቀንስ ነበር።

አሁን ወደ ሦስቱ ወቅቶች ልምጣ።

ጀልባዋ አብዛኛውን ጊዜ ተጎታች ላይ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤይ ብሪጅ ሥር ካለው ሳንዲ ፖይንት ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እንገባለን፣ ማታ እንመለሳለን። ቀኙ እስካሁን ያበራል። ሰም ቀብቼው አላውቅም፤ በሳሙና ማጠብ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ምሰሶ ጎኗን ሲታከካት ቀለሙን አልፎ ግራጫው ፕራይመር ድረስ ላጠው። ከቆርቆሮው የተረፈውን ቀለም አውጥቼ ነካ ነካ አደረግኩት፤ ተሸፈነ፣ ግን መጠገኑ ከሩቅ ይታያል። ግራው ላይ ያንኑ የመሰለ ጭረት ሲደርስ 1000 ብርጭቆ ወረቀትና ኮምፓውንድ አነሳሁ፤ በግማሽ ሰዓት ጠፋ። ከላይ እስከታች ያው ጄልኮት ስለሆነ ሲገፈፍ ሌላ ቀለም አይወጣም። ከሁለቱ ጎኖች መካከል ካየሁት ልዩነት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ቀለም ሲቆም ያምራል፣ ጄልኮት ሲቧጨር ይታረማል።

በኦገስት 2024 ዘመድ ከዳላስ መጥቶ በየቀኑ ዓሣ እናጥምድ ስላለ፣ ለሁለት ሳምንት ማቆሚያ ተከራይተን ጀልባዋን ውኃው ውስጥ ተውናት። ስናወጣት የቀኙ የታችኛው ጠርዝ፣ አራት ጣት ያህሉ፣ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ይህ ቀለም ከውኃ መሥመር በላይ ላለው ብቻ ነው፤ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለመዋል አልተሠራም፣ ቆርቆሮው ላይም ተጽፏል። እኔ መሥመሩን በዓይን ገምቼ ዝቅ አድርጌ ቀብቼ ነበር። ሰውም ነዳጅም ዓሣ ማቀዝቀዣም ተጭኖ የጀልባ መሥመር የት እንደሚውል ውኃ ውስጥ አስገብቶ በፕላስተር ምልክት ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ያበጠውን ፍቄ አንስቼዋለሁ።

የተውኳቸው ትንንሽ ስንጥቆች ዓመት ሳይሞላቸው ተመልሰዋል። ቦርቡሬ የሞላኋቸው አልተመለሱም።

ግራውንም አላወድስም። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ጀልባዋ ከመውጣቷ በፊትና ወቅቱ ሲያልቅ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ሰም ይፈልጋል። በ2024 መጨረሻ ብርዱ ቀደመኝና ዘለልኩት፤ በቀጣዩ ኤፕሪል መዳፌ እንደገና ጠመኔ ነካ። ኮምፓውንድ ደገምኩ። ኮምፓውንድ በደገምኩ ቁጥር ከዚያ ግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ እየቆረስኩ ነው፤ አንድ ቀን እሱም የቀኙ ዕጣ ይደርሰዋል።

ብራይትሳይድን ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ ቀለሙን ሳይሆን ለሥራው የሚመጣውን ሰው አይታችሁ ስጡ ብትሉኝ አምስት። ጄልኮቱ አልቆ ሽመናው ለታየ፣ ተጎታች ላይ ለምትኖር ትንሽ ጀልባ፣ ረዳት ላለውና ለማይቸኩል ሰው ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ምሰሶ አጠገብ ታስራ ለምትውል ጀልባ እኔ ባለሁለት ክፍሉን አስብ ነበር፣ ወይም ቆጥቤ ለባለሙያ እሰጥ ነበር። ረጥቦ ለሚያበራ ጄልኮት ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀቡ። አንዴ ከተቀባ በየጥቂት ዓመቱ መቀባት ነው፤ ወደ ጄልኮቱ ልመለስ ብትሉ ያን ሁሉ ቀለም መፋቅ አለባችሁ። ጥቁር ሰማያዊ ያማራችሁም ካላችሁ እወቁት፤ ጥቁር ቀለም የጎኑን እብጠትና ስርጉድ ሁሉ ያወጣል፣ ነጭ ይሸፍናል።

ጋሼ ባለፈው ወር መጥተው አይተዋታል። ቀኙን በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉና «ለጀማሪ ደህና ነው» አሉ፤ ከእሳቸው ይህ ሽልማት ነው። ግራውን አይተው ምንም አላሉም፣ ማንጸባረቁ ውስጥ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

አሁን አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። በየስድስት ወሩ ጀልባዋን ከመኪናዬ ኋላ አያይዤ ሰፈሩን አዙሬ፣ አፍንጫዋን ወደ ሌላው አቅጣጫ አድርጌ አቆማታለሁ፤ ፀሐይዋን ሁለቱም ጎን በየተራ እንዲካፈሏት፣ እንደ ቂጣ። ጎረቤቴ በመስኮቱ ያየኛል። ወደ ውኃ የምሄድ መስሎት በመጀመሪያው ጊዜ «መልካም ዓሣ!» ብሎ እጁን አውለብልቦልኝ ነበር፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ስመለስ ምንም አላለም።